ከነጋሪት እስከ ራዲዮ፤ በጦርነት ጊዜ የነበሩ የመልእክት መንገዶች በኢትዮጵያ

ስለ ጦርነት የተጻፉ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት ስለ አዛዦች ጀግንነት፣ ስለ መሣሪያ ብዛትና ስለ ውጊያው ውሎ ነው። ነገር ግን ማንኛውም ጦር ከመዋጋቱ በፊት መጠራት፣ ከተጠራም በኋላ መታዘዝ አለበት። ጠሪውና ተጠሪው፣ አዛዡና ታዛዡ በተራራና በወንዝ ተለያይተው ሳሉ ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው የሚደርስበት መንገድ ከሌለ ብዙ ሕዝብ ብዙ ጦር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የመልእክት መንገድ ታሪክ ራሱ የጦርነት ታሪክ አንድ ክፍል ነው።

ቴሌግራፍ፣ ስልክና ራዲዮ ከተፈለሰፉ ወዲህ የመልእክት መንገድ ዋጋው ፍጥነቱ ነው የሚል አሳብ በብዙዎች ዘንድ ሥር ሰድዷል። በኢትዮጵያ ከ1888 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ የሆነው ነገር ሲመረመር ግን ጉዳዩ ከዚህ የሰፋ ሆኖ ይገኛል። በጦርነት ጊዜ አንድ የመልእክት መንገድ በሦስት ጥያቄዎች ይመዘናል፤ ምን ያህል ይፈጥናል? የሚናገረው በእርግጥ ማን ነው? ከተላከለት ሰው በቀር ሌላ ማን ይሰማዋል? አዲሱ መሣሪያ ለፊተኛው ጥያቄ ግሩም መልስ ሰጥቷል። ለኋለኞቹ ሁለት ጥያቄዎች ግን የጥንቱ ልማድ የተሻለ መልስ የሰጠበት ጊዜ ነበረ፤ በዚህም ምክንያት የጠፋው የሰው ሕይወት ብዙ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተነገረው ዘመን፣ ሌላ ካልተገለጠ በቀር፣ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።)

1. ነጋሪት፣ አዋጅና ጩኸት

ነጋሪት የሚለው ስም የወጣው ነገረ ከሚለው የግዕዝ ግሥ ነው። እንግዲህ ከበሮው በስሙ ተናጋሪ ማለት ነው። ነጋሪት በቆዳ የተለበጠ ታላቅ ከበሮ ሲሆን፣ በጉዞ ጊዜ በበቅሎ ተጭኖ ከባለ ሥልጣኑ ፊት ፊት እየተመታ ይሄዳል። ማንም ሰው ስለ ወደደ ብቻ ሊያስመታው አይችልም ነበር። ነጋሪት ማስመታት ከንጉሠ ነገሥቱ የሚሰጥ መብት ስለ ነበረ፣ ባለ ነጋሪት መባል ራሱ የማዕርግ ምልክት ነበር። ከዚህም የተነሣ ሕዝቡ የነጋሪቱን ድምፅ በሰማ ጊዜ፣ ቃሉን ገና ሳይሰማ የተናጋሪውን ሥልጣን ያውቅ ነበር።

ነጋሪቱ ሕዝቡን ከሰበሰበ በኋላ አዋጅ ነጋሪው በገበያ ቀን፣ ብዙ ሰው በሚገኝበት ስፍራ ቆሞ አዋጁን ይናገራል። የገበያ ቀን መመረጡ ያለ ምክንያት አልነበረም። ገበያ የወጣ ሰው ማታ ወደየመንደሩ ሲመለስ አዋጁን ይዞ ይመለሳል። የሰማው ላልሰማው ያሰማል፤ ቺቃ ሹሙም በአካባቢው ያለውን ሰው ስለሚያውቅ ማን እንደ ወጣና ማን እንደ ቀረ ይመለከታል። በዚህ ዓይነት አንድ ቃል ከአደባባይ ወደ ገበያ፣ ከገበያ ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ ቤት ይደርስ ነበር። መልእክቱ ለሁሉም የተገለጠ ስለ ሆነ ምስጢር የለውም፤ ምስጢርም አያስፈልገውም ነበር። ዓላማው መጥራት ነውና።

ድንገተኛ አደጋ በመጣ ጊዜ ደግሞ በደጋው አገር ከኮረብታ ወደ ኮረብታ መጠራራት ልማድ ነበር። አየሩ ጸጥ ባለበት በማለዳና በማታ ጊዜ፣ በአንዱ ተረተር ላይ የቆመ ሰው የጮኸውን በማዶ ያለው ሰምቶ ወደ ቀጣዩ ያስተላልፈዋል። በጥሪው ውስጥ የሚነገረው ቃል ጥቂት ነው። የጠሪው ድምፅና አነጋገር ግን በጎረቤቶቹ ዘንድ የታወቀ ስለ ሆነ፣ እንግዳ ሰው በስሙ ቢጮኽ በቀላሉ ይለያል።

2. መልእክተኛው

ለሁሉም የማይነገረው ቃል የሚሄደው በመልእክተኛ ነበር። ደብዳቤው በንጉሡ ወይም በመኰንኑ ማኅተም ይታተማል፤ እግረኛው መልእክተኛ በተሰነጠቀ በትር ጫፍ ላይ አጣብቆ ሲይዘው፣ በመንገድ ያየው ሁሉ የመልእክት ሰው መሆኑን ያውቅ ነበር። በመንግሥት ጉዳይ የሚሄድ ሰው በሚያልፍበት አገር ድርጎ ይቀርብለታል። እርሱን መንካትም የላከውን ጌታ እንደ መንካት ይቈጠር ነበር።

ነገር ግን የመልእክቱ ዋና ክፍል ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ አይገኝም። በ19ኛው መቶ ዓመት ከተጻፉት የነገሥታትና የመኳንንት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ሰላምታና አጭር ቃል ብቻ ይዘው፣ የቀረውን ነገር ደብዳቤውን ያመጣው ሰው በቃሉ እንደሚናገር ያመለክታሉ። ይህ የጽሕፈት ጉድለት አይደለም፤ የታሰበበት ጥንቃቄ ነው። ደብዳቤው በጠላት እጅ ቢወድቅ የሚያስረዳው ጥቂት ነው፤ መልእክተኛው በሰላም ቢደርስ ግን የሚናገረው ብዙ ነው። ከዚህም በላይ ደብዳቤ ሲጠየቅ አይመልስም፤ መልእክተኛ ግን ይጠየቃል፣ ያብራራል፣ ተቀባዩም ፊቱን አይቶ እውነተኛነቱን ይመዝናል። ስለዚህ ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ከጌታው ቤት ያደገ አሽከር፣ ዘመድ ወይም ባለሟል ነበር። ማኅተሙ ለወረቀቱ ምስክር ሲሆን፣ ሰውዬው ራሱ ለቃሉ ማኅተም ነበር።

የዚህ መንገድ ጉድለቱ ግልጥ ነው። ወንዝ በሞላ ጊዜ ይቆማል፤ ሰው ይደክማል፣ ይታመማል፣ ይገደላል። ከሰሜን ወደ ሸዋ የሚላክ ቃል በመንገድ ብዙ ቀን ይፈጅ ነበር።

3. ሁለቱ መንገዶች በዐድዋ

በ1888 ዓ.ም. እነዚህ ሁለት የመልእክት መንገዶች ፊት ለፊት ተገናኙ። ዐፄ ምኒልክ መስከረም 7 ቀን የክተት አዋጃቸውን በነጋሪት አስነገሩ፤ ጦሩም በወረ ኢሉ እንዲከት አዘዙ። የሸዋው፣ የሐረሩ፣ የወሎው፣ የጎጃሙና የሌላውም አገር ጦር በየአለቃው ሥር ሆኖ ወደ ሰሜን ዘመተ። ከአዋጁ በኋላ ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ኅዳር 28 ቀን፣ የፊተኛው ጦር በአምባ አላጌ ድል አደረገ። ያለ አንድ ሜትር ሽቦ ይህን ያህል ሕዝብ ተጠርቶ፣ ስንቁን ይዞ፣ ይህን ያህል መንገድ መጓዙ የነጋሪቱንና የአዋጁን ኃይል ያስረዳል።

በኢጣልያኖች በኩል ሮም ከምፅዋ ጋር በቴሌግራፍ ትገናኝ ነበር፤ ከምፅዋም ወደ ደጋው ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። ስለዚህ የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ በሩቅ አገር ተቀምጦ ጄኔራል ባራቲዬሪን ሊገሥጽ ቻለ። የካቲት 18 ቀን 1888 ዓ.ም. በላከው ቴሌግራም ጦርነቱን ሰውነትን ቀስ በቀስ ከሚያመነምን የሳንባ በሽታ ጋር አነጻጽሮ አዛዡን አዋረደ። በዚያው ሰሞን በባራቲዬሪ ምትክ ሌላ ጄኔራል መሾሙ በምስጢር ተይዞ ነበር። ተግሣጹ ጄኔራሉን ወደ ውጊያ ከገፉት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን የታሪክ ጸሐፊዎች ይመሰክራሉ። ቴሌግራፉ የሮምን ቍጣ በፍጥነት አደረሰ፤ የዐድዋን ተራሮች አቀማመጥ፣ የስንቁን ማነስና የጠላቱን ብዛት ግን ለሮም ሊያስረዳ አልቻለም።

የካቲት 23 ቀን ሌሊት የኢጣልያ ጦር በክፍል በክፍል ሆኖ ወደ ፊት ሲገሠግሥ ደግሞ ሽቦ የለም፤ ክፍሎቹን የሚያገናኝ የታመነ መንገድም አልነበረም። የያዙት የመሬት ንድፍ የተሳሳተ ስለ ነበረ የአልበርቶኔ ጦር ከታሰበው ስፍራ አልፎ ወደ ኪዳነ ምሕረት ኮረብታ ሄደ፤ የዳቦርሚዳ ጦር ደግሞ ከሌሎቹ ተለይቶ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባ። አንዱ ክፍል ሲደመሰስ ሌላው በወቅቱ አያውቅም ነበር። ከሮም ጋር በሰዓታት ውስጥ ሊነጋገር የሚችል ጦር፣ በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ያለውን ወንድሙን ሳይሰማ ቀረ።

በኢትዮጵያ በኩል የሰው ወሬ ዋጋው ከፍ ያለ ነበር። በአፍ ታሪክ ስሙ በክብር የሚነሣው ባሻይ አውዓሎም፣ ኢጣልያኖች የራሳቸው ሰላይ አድርገው ሲተማመኑበት፣ ለአገሩ ወገን ሆኖ እንዳሳሳታቸው ይነገራል። ይህ ታሪክ የጥንቱን መንገድ ሌላውን ገጽ ያሳያል። የሰው መልእክት የሚታመነው ሰውዬው የማን ወገን መሆኑ በታወቀበት ዘንድ ብቻ ነው። የአገሩ ሰዎች ያን ያውቁ ነበር፤ እንግዶቹ ግን አላወቁም።

4. ሽቦ ወደ አገር ውስጥ ሲገባ

ከድሉ በኋላ ዐፄ ምኒልክ አዲሱን መሣሪያ ከመናቅ ይልቅ ወደ አገራቸው አስገቡት። በ1890 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባን ከሐረር የሚያገናኝ የስልክ መሥመር ተዘረጋ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ኢጣልያኖች አዲስ አበባን ከአሥመራ የሚያገናኝ የቴሌግራፍ መሥመር ሠሩ። ቀጥሎ ስልኩ ወደ ሌሎች ጠቅላይ ግዛቶች ተስፋፋ። የባቡር ሐዲዱ ሲሠራ ደግሞ ከጅቡቲ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ አብሮት መጣ።

ሽቦውን መጠበቅ ግን ከመዘርጋቱ ይልቅ አስቸጋሪ ሆነ። የእንጨቱን ምሰሶ ምስጥ ይበላዋል፤ በቈላው አገር ዝሆን ይገፋዋል፤ ሽቦውንም አንዳንድ ሰው ቆርጦ አምባርና ጌጥ ይሠራበት ነበር። ይህን የሚያደርገው ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ነጋሪት ሲመታ ድምፁ ለእርሱም ነበር፤ በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ቃል ግን ለእርሱ የሚናገረው ነገር አልነበረውም። የመልእክቱ መንገድ በአገሩ ላይ እያለፈ ሕዝቡን ሳያካትት በቀረ ጊዜ ጠባቂ አላገኘም።

ሌላው ችግር ከዚህ የከበደ ነበር። ወደ ሰሜን የሚሄደው መሥመር በኢጣልያ ግዛት ውስጥ ያልቃል፤ ወደ ምሥራቅ የሚሄደውም በፈረንሳይ ግዛት በኩል ያልፋል። ኢትዮጵያ ከውጭው ዓለም ጋር የምትነጋገረው በሌሎች መንግሥታት ደጃፍ ነበር። ይህን ችግር ለማስወገድ በአቃቂ የራዲዮ ጣቢያ ተቋቋመ። ሆኖም ያን ጣቢያ እንዲሠራ ውል የገባው የኢጣልያ ኩባንያ ነበር።

5. የ1928 ዓ.ም. ጦርነት

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር መረብን በተሻገረ ጊዜ፣ በአዲስ አበባ በቤተ መንግሥቱ ታላቁ ነጋሪት ተመታ፤ የክተት አዋጅም ተነገረ። በዚያው ቀን የኢትዮጵያ መንግሥት የዐድዋን በአውሮፕላን መደብደብ በቴሌግራም ለመንግሥታት ማኅበር አስታወቀ። ነጋሪቱ ሕዝቡን ሲጠራ ሽቦው ዓለምን ጠራ። ሕዝቡ ለነጋሪቱ መለሰ፤ ዓለም ግን ቴሌግራሙን ከማንበብ አልፎ ያደረገው ጥቂት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በመስከረም መጀመሪያ በአቃቂ ራዲዮ ለአሜሪካ ሕዝብ ንግግር አድርገው ነበር። ፈጣን መንገድ ሰሚን ያስገኛል፤ ረዳትን ግን አያስገኝም።

በጦር ግንባሩ የነበረው ሁኔታ እኩል አልነበረም። ከደሴና በኋላም ከኮረም ንጉሠ ነገሥቱ ከአዲስ አበባ ጋር በራዲዮ ይነጋገሩ ነበር፤ መሣሪያው ግን በቍጥር እጅግ ጥቂት ነበር። በሽሬ ግንባር የነበሩት ራስ እምሩ ወሬ የሚደርሳቸው በእግረኛ መልእክተኛ ስለ ሆነ፣ በሌላው ግንባር የሆነውን የሚሰሙት ነገሩ ካለፈ በኋላ ነበር። ቀድሞ መልእክተኛን ይሰውሩት የነበሩት ተራራና ሸለቆ አሁን ከአውሮፕላን በታች ተገልጠው ቀሩ።

ከሁሉም የከፋው ሦስተኛው ጥያቄ፣ ሌላ ማን ይሰማል የሚለው ነበር። ራዲዮ ቃሉን ወደ አንድ ሰው አይወስድም፤ በአየር ላይ ይበትነዋል። መሣሪያና ሙያ ያለው ሁሉ ይለቅመዋል። ኢጣልያኖች የኢትዮጵያን የራዲዮ መልእክት የሚጠልፉና የምስጢር ጽሕፈቱን የሚፈቱ ባለሙያዎች አሰማርተው ነበር። የምስጢር ጽሕፈቱም ቀላል ስለ ነበረ ብዙ ጊዜ አልተቋቋማቸውም። ስለዚህ ማርሻል ባዶሊዮ የኢትዮጵያን አዛዦች አሳብ አስቀድሞ የሚያውቅበት ጊዜ ነበረ። መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በማይጨው የተደረገው ጥቃትም ለጠላት ድንገተኛ አልነበረም፤ ምሽጉ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። ከውጊያው በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ለእቴጌ መነን የላኩት የኀዘን ቃል እንኳ ተጠልፎ፣ ባዶሊዮ ስለ ጦርነቱ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ታተመ። በጥንቱ ልማድ ቢሆን ያን ቃል የሚያደርሰው ከቤተ ሰቡ አንዱ፣ ምናልባትም በቃል ብቻ፣ ነበር።

የኢጣልያኖቹም ሽቦ የራሱን ሥራ ሠርቷል። ሙሶሊኒ ከሮም ሆኖ በቴሌግራም የጦር አዛዥነትን ይፈጽም ነበር። ታኅሣሥ 18 ቀን 1928 ዓ.ም. ለባዶሊዮ በላከው ቴሌግራም የመርዝ ጋዝ እንዲጠቀም ፈቀደለት፤ ሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ለግራዚያኒ በተላከው ቴሌግራም ሕዝቡን በሽብርና በፍጅት የመግዛት መመሪያ ተሰጠ። ያዘዘው ሰው የተገደሉትን ፊት አላየም። ሆኖም ሽቦ አንድ ባሕርይ አለው፤ ቅጂ ይተዋል። እነዚህ ቴሌግራሞች በመዝገብ ቤት ተቀምጠው ቈይተው፣ ለብዙ ዓመታት የተካደው የመርዝ ጋዝ ነገር በተከራከሩበት ጊዜ ምስክር ሆኑ። በ1988 ዓ.ም. የኢጣልያ መንግሥት ነገሩን በይፋ አመነ።

6. ከሽቦው ውጭ የቀረው መንገድ

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ ስልኩ፣ ቴሌግራፉና ራዲዮው ሁሉ በእጁ ገባ። በፈጣኑ መንገድ ብቻ የሚታመን አገር ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜ ድዳ በሆነ ነበር። ነገር ግን ጥንታዊው መንገድ አልተያዘም፤ ሊያዝም አይችልም ነበር። በዱር የነበሩት አርበኞች በገበያ በሚገናኙ ሰዎች፣ በመነኮሳት፣ በነጋዴዎችና በእረኞች በኩል መልእክት ይለዋወጡ ነበር። በከተማ ተቀምጠው ወሬ፣ ጥይትና መድኃኒት የሚልኩት የውስጥ አርበኞች ተብለው ይታወቃሉ። ከነዚህም መካከል ተይዘው በኢጣልያ በአዚናራ ደሴት የታሰሩት ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ በታሪክ የታወቁ ናቸው። ሴቶች በዚህ ሥራ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ውኃ ልትቀዳ ወይም ገበያ ልትሄድ የወጣች ሴት ለጠላት ዘበኛ መልእክተኛ መስላ አትታይምና።

በዚያው ጊዜ የኢጣልያ ምሽጎች እርስ በርሳቸው በሽቦ ይነጋገሩ ስለ ነበረ፣ ሽቦውን መቍረጥ አንዱ የአርበኞች ሥራ ሆነ። ደብዳቤዎች በሱዳንና በጅቡቲ በኩል በስደት ወዳሉት ንጉሠ ነገሥት ይደርሱ ነበር። አቶ ሎሬንዞ ታዕዛዝ በምስጢር ጎጃም ገብተው አርበኞችን አነጋግረው የተመለሱትም በዚህ ዓይነት መንገድ ነው። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ እንግሊዞች ከሱዳን ሆነው ከአርበኞች አለቆች ጋር ለመተባበር በፈለጉ ጊዜ መጀመሪያ የላኩት በመልእክተኛ የሚሄድ ደብዳቤ ነበር፤ የራዲዮ መሣሪያ የያዙት መኰንኖች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። በካርቱም በአማርኛ የታተመው ባንዲራችን የተባለው ጋዜጣም በአገር ውስጥ ተበተነ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ሲያነብለት ጋዜጣው ራሱ እንደ አዋጅ ነጋሪ ሆነ።

በመጋቢት 1933 ዓ.ም. መጨረሻ በደብረ ማርቆስ የሆነው ነገር፣ በጊዜው ስለ ነበረው ዘመቻ የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት፣ የሽቦውን ድካም ከሁሉ ይልቅ ግልጥ ያደርገዋል። ኢጣልያኖች ከተማውን ለቀው ከወጡ በኋላ በምሽጉ የቀረው ስልክ ተደወለ። የደወለው በሌላ ስፍራ ያለ ኢጣልያዊ ነበር። ከጦሩ ጋር የነበረ ኢጣልያንኛ የሚያውቅ አሜሪካዊ የጋዜጣ ወኪል ስልኩን አንሥቶ፣ እንደ ወገን ሆኖ፣ እጅግ ብዙ ጦር ወደ ዓባይ እየገሠገሠ መሆኑን ነገረው። በእውነቱ ግን ጦሩ በቍጥር አነስተኛ ነበር። በዓባይ ዳር የነበሩት ኢጣልያኖችም ወሬውን አምነው ለቀው ሄዱ ይባላል። ድምፅ እንጂ ፊት የማያሳይ መሣሪያ፣ የሚናገረው ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ አልነበረውም።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ትምህርት ነጋሪት ከራዲዮ ይበልጣል የሚል አይደለም። ራስ እምሩ ወሬ ዘግይቶ ሲደርሳቸው የከፈሉትን ዋጋ ያየ ሰው ፍጥነትን ሊንቅ አይችልም። ነገር ግን እያንዳንዱ የመልእክት መንገድ በውስጡ የሰዎች ዝምድና አለ። ነጋሪቱ ሥልጣንን፣ ገበያው ጉርብትናን፣ መልእክተኛው ታማኝነትን ይዞ ይጓዝ ነበር። ሽቦና አየር ቃሉን ብቻ ነጥለው ወሰዱት፤ ያን ዝምድና ግን ወደ ኋላ ተዉት። ቃሉን በአዲሱ መንገድ የሚልክ መንግሥት፣ በጥንቱ መንገድ ውስጥ ያለ ድካም ያገኘውን መተማመን በሌላ ዘዴ፣ በጠነከረ የምስጢር ጽሕፈት፣ በሠለጠነ ሠራተኛና በራሱ እጅ በተሠራ መሥመር፣ ሊተካው ይገባል። በ1928 ዓ.ም. ይህን ለመተካት ጊዜ አልተገኘም።

ስለ ስልኩና ስለ ራዲዮው የተጻፈው ሰነድ በብዙ አገር መዝገብ ቤቶች ይገኛል። ስለ እግረኛው መልእክተኛ፣ ስለ ገበያው ወሬ፣ በእንስራዋ ወይም በመቀነቷ ደብዳቤ ደብቃ ስለ ተሻገረችው ሴት ያለው ግን አብዛኛው በልጆችና በልጅ ልጆች ትዝታ ውስጥ ነው። መልእክቱን በቃል ይዘው የሄዱ ሰዎች ታሪካቸውንም በቃል ትተውት አልፈዋል። የሕዝብን ልማድ የሚመረምር ሁሉ ይህን ቃል ተቀብሎ ወደ ጽሕፈት ሊያደርሰው ይገባል፤ ለዚህ መልእክት የሚቀረው ጊዜ ረጅም አይደለምና።